ያልሄድንባት ደሴት ወጪ

ይህን ስጽፍ ብዕሬ ወረቀቱን ይቀድብኛል። ልጄ እርጅና ነው ትላለች፤ እኔ ግን ንዴት መሆኑን አውቃለሁ። ብዙ ዓመት ያለፈው ነገር ስለሆነ ሰው ሁሉ "ይብቃሽ፣ እርሺው" ይለኛል። "በደርግ ጊዜ ያልተበደለ ማን አለ?" የሚለኝም አለ። እውነት ነው፤ እኔ የታሰረብኝ የለም፣ የተገደለብኝም የለም። የኔ በደል የመጣው ከሽርሽር ነው። አዎ፣ ከሽርሽር። መሳቅ ከፈለጋችሁ ሳቁ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡና ያኔም የሚያስቅ ከሆነ እንደገና ሳቁ።

በዚያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። የምንኖረው አቃቂ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ በሚበዛበት ሰፈር፣ በቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ባሌ ጌታቸው አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ብረት እየቀረጸ የሚያወጣ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር። እጁ የተመሰገነ፣ አንገቱን የደፋ፣ ሰው ፊት ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ቆሎና የተቀቀለ ድንች እሸጥ ነበር። ልጅ ገና አልወለድንም።

እናቴ በሕፃንነቴ ስለሞተች ያሳደገኝ አባቴ ነው። አገሩ ጎጃም ነው፤ ደጀን ከአውቶቡስ ተወርዶ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ያስኬዳል። አግብቼ አቃቂ ከገባሁ ጀምሮ ለሰባት ዓመት በዓይኔ አላየሁትም። የሚያገናኘን የጎረቤቴ የእትዬ ፋጡማ ባል ሙሄ ነበር። ሙሄ የወሎ ሰው ነው፤ ከባድ መኪና ይነዳል፤ አንዳንዴ ወደ አሰብ፣ አንዳንዴ ወደ ጎጃም ይልኩታል። የጎጃም ጉዞ ሲደርሰው ደጀን ገበያ ላይ አባቴን ፈልጎ ያገኘዋል። እኔ ከቀበሌ ሱቅ ያገኘኋትን ስኳር እልካለሁ፣ አባቴ ማር ይልክልኛል። "ደህና ናቸው፣ ጥርሳቸው ብቻ ትንሽ ያማቸዋል" ብሎ ሙሄ ሲነግረኝ ወሩን ሙሉ በዚያች ቃል እኖር ነበር።

አባቴን ሄጄ ለማየት በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ገንዘብ አጠራቅም ነበር። በዚያ ዓመት ጣሳው ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

እንዲህ እያለን ጌታቸው ኮከብ ሠራተኛ ተብሎ ተመረጠ። ስብሰባው ላይ ሚስቶችም ተጠርተን ስለነበር በጆሮዬ ሰማሁ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ በላቸው ወረቀት ዘርግተው፣ "ጓድ ጌታቸው ላሳየው አብዮታዊ ትጋት ከነባለቤቱ በቀይ ባሕር ላይ በምትገኝ ደሴት ለአንድ ሳምንት እንዲዝናና ተወስኗል" ብለው አነበቡ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ ከአቃቂ ወንዝና ከዓባይ በቀር ሌላ ውሃ አላየሁም። ዙሪያው ባሕር፣ መሐሉ ሰው የሚኖርበት መሬት መኖሩን ራሱ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ እንደ ልጅ ነው የፈነጠዝኩት።

በሳምንቱ ደብዳቤው መጣ። ፋብሪካው የሚችለው እስከ ምጽዋ ያለውን መጓጓዣና መኝታውን ብቻ ነው። ጀልባው፣ ምግቡ፣ ሌላው ሌላው በተሸላሚው ወጪ ይላል። ደግሞ ፎቶግራፍ ስለሚነሳ ሙሉ ልብስ ያስፈልጋል፣ ባለቤትየዋ ደህና ቀሚስ ትልበስ፣ ሁለታችሁም የዋና ልብስ ያዙ፣ እግረ መንገዳችሁንም እዚያ ላለው ሠራዊት ስጦታ አበርክቱ ይላል። ጌታቸው ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አንብቦ አጠፈውና ኪሱ ከተተው።

"አንችለውም ብለህ ንገራቸው" አልኩት።

"ምን ብዬ?"

"ገንዘብ የለኝም ብለህ ነዋ።"

"የአብዮቱን ሽልማት ገንዘብ የለኝም ብዬ ልመልስ? ባለፈው ዓመት አንዱ ሜዳልያውን ታምሜያለሁ ብሎ ሳይቀበል በመቅረቱ ስብሰባ ፊት አቁመው ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲያስነሱት ሲያስቀምጡት ረሳሽው?"

እውነቱን ነበር። እምቢ ሊባል አይችልም። ስጦታ ተብሎ የተሰጠን ዕዳ ነበር።

እሺ፣ እንግዲያው እንቻለው አልኩ። ወጪ መቻል ማለት ለኔ ሥራዬ ነው። በአንድ ጣሳ ሽንብራ ሳምንት የምኖር ሴት ነኝ። ተቀምጬ አሰብኩ። ሙሉ ልብሱን ከመምህር ጎረቤታችን እንዋሳለን። ጫማውን ቀለም አስቀብተን አዲስ እናስመስለዋለን። ስጦታውን ደግሞ እኔ ራሴ ካልሲ እሠራለሁ፤ ክሩ አለኝ። የዋና ልብስ ለማሰፋት ከልብስ ሰፊው ጋር ተነጋግሬ የተሰበረች ጥቁር ጃንጥላችንን ጨርቅ ሰጠሁት። "ውሃ የማያስገባ ነው፣ ከዚህ የተሻለ የዋና ልብስ የለም" ብሎ ሲስቅብኝ እኔም ሳቅሁ። ትልቁ ወጪ ምግቡ ነው። እሱንም ጨረስኩት። በሶ አስፈጨሁ፣ ድርቆሽ አደረቅሁ፣ ዳቦ ቆሎ ቆላሁ፣ ትንሽ ቋንጣም ጨመርኩ። ሁሉም አንድ ጆንያ ሞላ። ከእጃችን የሚወጣው የጀልባው ገንዘብ ብቻ ሆነ።

የጀልባውን ገንዘብ ከአባቴ ጣሳ አወጣሁ። "አባዬ አንድ ዓመት ቢጠብቅ ምን ይሆናል" አልኩ። ይህን ቃል አስታውሱልኝ።

ማታ ጌታቸው ሲገባ ጆንያውን አሳየሁት። ያመሰግነኛል ብዬ ነበር።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ስንቅ ነው። ለሳምንት ይበቃናል፣ ምናልባትም ይተርፈናል።"

"በሶ ይዤ ሆቴል ልግባ?"

"ማን ያይሃል? ክፍላችንን ዘግተን እንበላለን።"

"ጓድ በላቸው ሊሸኙን እስከዚያ ሊመጡ ይችላሉ። የሌላ ፋብሪካ ኮከቦችም አሉ። እነሱ ምግብ ቤት ሲቀመጡ እኔ በር ዘግቼ በሶ ስጨብጥ? ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው ምንም ቢልህ በሶው ያጠግብሃል።"

ዝም አለ። ጌታቸው ሲሸነፍም ሲያኮርፍም ዝም ስለሚል አሸነፍኩ ብዬ ተኛሁ። የምንሄደው ማክሰኞ ነበር።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ጌታቸው አጠገቤ አልነበረም። ከፈትኩ። ደጃፉ ላይ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ሽፋ ቆመዋል። ጋሽ ሽፋ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላቸው የጉራጌ ሰው ናቸው፤ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ሌላ ቦታ አይታዩም። ከኋላቸው እትዬ ፋጡማ፣ መምህሩ፣ ሌሎችም ጎረቤቶች አሉ። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከሁሉም ኋላ ጌታቸው ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል።

በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ በርህ ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። የኔ የምለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

"አባዬ" አልኩ።

"አይዞሽ ልጄ" አሉ ጋሽ ሽፋ። "አንድ የአገርሽ ሰው ትናንት ፋብሪካው በር ላይ ጌታቸውን አግኝቶ ነግሮታል። ከተቀበሩ አሥራ አምስት ቀን ሆኗቸዋል። እግዜር ያጽናሽ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። እትዬ ፋጡማ ሁለት እጄን ይዛ ፊቴን እንዳልነጭ ስትታገለኝ ትዝ ይለኛል። የእድሩ ድንኳን ሲተከል፣ አግዳሚው ሲደረደር፣ ሴቶቹ ድስት ይዘው ሲገቡ አየሁ። እንደ አገሬ ደንብ ፀጉሬን አስላጨሁ። ምላጩ ጭንቅላቴ ላይ ሲሄድ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባቴ ሲያጣጥር እኔ ዳቦ ቆሎ እቆላ ነበር። ጣሳውን ሰብሬ ወደ እሱ መሄድ ሲገባኝ ለጀልባ አወጣሁበት። አንድ ዓመት ቢጠብቅ ምን ይሆናል ብዬ ነበር፤ ለካ ያን ስል ተቀብሯል።

ሁለት ቀን ሙሉ ሙሾዬ ይኸው ነበር። "ባሕር አማረኝ፣ አባቴን ረሳሁት" እያልኩ ደረቴን ስመታ ድንኳኑ ሁሉ አብሮኝ ያለቅሳል። ጌታቸው በር ላይ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጧል። ያለቀስኩትን ሁሉ ይሰማል። ይህንንም አስታውሱልኝ፤ ሁሉንም ይሰማ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጓድ በላቸው ከኮሚቴው ጋር መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙና፣ "ጓዲት የሺ፣ አይዞሽ፣ እናት አገር ያለችው ሰው አባት አያጣም" አሉኝ። ከዚያ ወደ ጌታቸው ዞሩ። "ማክሰኞ መሄድ እንደማትችሉ ገብቶናል። የሽልማቱ ቦታ ባዶ እንዳይቀር ኃላፊነቱን እኔና ባለቤቴ ወስደነዋል።"

ጌታቸው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ቀና ሲል ትከሻው ላላ ብሎ ወረደ። ከባድ ዕቃ ያራገፈ ሰው እንዲያ ነው የሚሆነው። አየሁት፤ ግን ለኔ አዝኖ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ደግ ባል አለኝ ብዬ እንደገና አለቀስኩ።

ሰኞ ሦስተኛው ቀን ነበር። አመሻሽ ላይ ድንኳኑ ሊነሳ ነው። ከሰዓት ላይ የሙሄ መኪና ድምፅ ተሰማ። ሙሄ ከሄደ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፤ አሰብ ነው ብሎ ነበር የወጣው። ድንኳኑን ሲያይ መኪናውን ራቅ አድርጎ አቆመና ወደ ቤቱ ገባ። ትንሽ ቆይቶ እትዬ ፋጡማ መጥታ ከሴቶቹ መሐል እጄን ያዘች።

"ነይማ አንዴ" አለችኝ።

"ምነው?"

"ነይ ብቻ። ፊቷን ልትታጠብ ነው እንላቸዋለን።"

ቤቷ ገባሁ። ሙሄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ ላይ በጨርቅ የታሰረ ቅል አለ። ያን ቅል አውቀዋለሁ። የአባቴ የማር ቅል ነው።

"የሺ" አለ ሙሄ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አባትሽ መቼ ሞቱ ነው የሚሉት?"

"አሥራ አምስት ቀን ሆኗቸዋል አሉ።"

ሙሄ ሚስቱን አየ። ከዚያ እኔን አየ። "አሰብ የምጭነው ዕቃ ስላልደረሰ ወደ ማርቆስ አዞሩኝ። ስሄድ ደጀን አደርኩ። ሐሙስ ገበያ ላይ እዚያው ነበሩ። ይሄን ማር በእጃቸው ነው የሰጡኝ። ጥርሳቸውን ነቅለውት፣ አሁን ተሻለኝ በልልኝ ብለውኛል።"

"ሐሙስ የቱ ሐሙስ?"

"ያለፈው ሐሙስ። ዛሬ ሰኞ አይደል? አራት ቀኑ ነው።"

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ፋጡማ አቅፋኝ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። "አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አሉ! የነገረው ሰው ተሳስቶ ነው" ትላለች። እኔም ለአንድ ደቂቃ ያህል እንደሷ ደስ አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ያለ ደስታ አላየሁም። ከዚያ ግን የጌታቸው ትከሻ ታየኝ። ጓድ በላቸው ፊት ላላ ብሎ የወረደው ትከሻ።

ቅሉን ይዤ በጓሮ በኩል ቤቴ ገባሁ። ሰው ልኬ ጌታቸውን ጓዳ አስጠራሁት። ገባ። ጆንያችን ከነበሶው ጥግ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ቅሉን ጆንያው ላይ አስቀመጥኩት።

"ሙሄ መጥቷል" አልኩት።

"ከአሰብ?"

"ከጎጃም።"

ቅሉን አየው። ቆሞ የነበረው ሰው ቀስ ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ያን ጊዜ ሁሉንም አወቅሁ፤ የቀረኝ ከአፉ መስማት ብቻ ነበር።

"መርዶውን የነገረህ ሰው ስሙ ማነው?"

በጣቱ መሬቱን ይጭራል።

"ማነው ስሙ?"

"ሰው የለም" አለ።

ከድንኳኑ የሰው ጉርምርምታ ይሰማል። ጋሽ ሽፋ አግዳሚ ያስቆጥራሉ። እኛ በሹክሹክታ ነው የምንነጋገረው፤ ሲታሰበኝ ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። እንደዚያ ያለውን ነገር በሹክሹክታ ተነጋገርነው።

"ምን አደረገህ አባቴ?"

"ምንም አላደረገኝም። ሌላ ምን ምክንያት ልፍጠር? ታምሜያለሁ ብል ሐኪም ይልኩብኛል። ሥራ በዛብኝ ብል አያምኑኝም። ለቅሶ ላይ ያለን ሰው ግን ማንም አያስገድደውም። ሩቅ አገር ናቸው፣ ማን ሊያጣራ ነው ብዬ..."

"ወጪውን ችዬልህ ነበር። አንተ የምትከፍለው አልነበረም።"

"በበሶ!" አለ፤ ያን ጊዜ ብቻ ድምፁ ትንሽ ከፍ አለ። "በበሶና በጃንጥላ ጨርቅ! እዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ብሞት ይሻለኛል።"

"አንተ ልትሞት ትችል ነበራ። ለምን አባቴን ገደልክ?"

ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። "ሽርሽሩ ካለፈ በኋላ ሰውየው ተሳስቶ ነው እንላለን፣ ደስታም ይሆናል ብዬ ነበር" አለ።

"እሺ። ለሰው ዋሽ። ለኔስ? ለኔ በጆሮዬ ብትነግረኝ ምን ነበር?"

ይህን ስጠይቀው ቀና ብሎ አየኝ። የተላጨ ጭንቅላቴን፣ የቆሰለ ፊቴን አየ። የመለሰልኝን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፤ አንድ ፊደል አልጨመርኩም።

"አንቺ ውሸት አትችይበትም። ከነገርኩሽ ለቅሶሽ አያምርም ነበር።"

እጄ ተነሳ፤ ግን አልመታሁትም። መጮህ ፈለግሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሠላሳ አርባ ሰው አለ፤ አንድ ጊዜ ብጮህ ይበቃ ነበር። ጌታቸው ገባውና እግሬን ያዘ። "የሺ፣ አብዮቱን አላገጠበት ብለው ይፈጁኛል። በእግዜር።" እውነቱን ነው፤ ለዚያ ያነሰም ሰው ሄዶ ያልተመለሰበት ጊዜ ነው። ግን እናንተን አልዋሻችሁም፤ ዝም ያልኩት ለሱ አዝኜ ብቻ አይደለም። የቀን ሥራውን ትቶ ሦስት ቀን የተቀመጠልኝ ሰው፣ ከልጆቿ ቀንሳ ድስት ይዛ የመጣች ሴት፣ አብሮኝ ያለቀሰ ሁሉ ፊቴ መጣ። ለነዚህ ሰዎች "አባቴ አልሞተም፣ ባሌ ነው ያታለላችሁ" ብዬ እንዴት እላለሁ? ሰው ምን ይለኛል? አዎ፣ እኔም። ያው የሱን ቃል ነው ያሰብኩት። ስለዚህ ከሱ እኩል በራሴም እናደዳለሁ።

ሙሄንና ፋጡማን ለማንም እንዳይናገሩ ለምኜ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ ድንኳኑ ተመለስኩና አለቀስኩ። እንደዚያን ቀን አልቅሼ አላውቅም። ሴቶቹ "ዛሬ ደግሞ ባሰባት" ተባባሉ። ጋሽ ሽፋ የእድሩን ገንዘብ ሊሰጡኝ ሲመጡ፣ "ለእድሩ ይሁን፣ አልወስድም" አልኳቸው።

"ደንብ ነው ልጄ፣ የሚገባሽ ነው" አሉ።

"አይገባኝም ጋሽ ሽፋ። ይተውት።"

እያለቀሱ መረቁኝ።

በማግስቱ ቀበሌ ሄጄ የይለፍ ወረቀት ጠየቅሁ። ያለዚያ ኬላ አያሳልፍም። ጸሐፊው "የአባቷን መቃብር ለማየት" ብሎ ጽፎ ማኅተም መታበት። በጣሳው የቀረውን ይዤ፣ ያን ጆንያ በሶ ተሸክሜ፣ ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ ተሳፈርኩ። ጓድ በላቸውና ሚስታቸው በዚያው ቀን ወደ ደሴቷ ሄዱ።

አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቀንበር ይጠርብ ነበር። ቀና ብሎ ጥቁር ልብሴንና የተላጨ ጭንቅላቴን አየ። መጥረቢያው ከእጁ ወደቀ።

"ማን ሞተብሽ ልጄ?"

በመንገድ ሙሉ እውነቱን እነግረዋለሁ ስል ነበር። ፊቱን ሳየው አቃተኝ። ሽማግሌ ሰው በቁሙ ተለቀሰልህ ይባላል?

"ጎረቤት ነው አባዬ" አልኩት።

"ለጎረቤት ነው እንዲህ የምትላጩት እዚያ አገር?" አለና ራሱን ነቀነቀ። "እንግዲህ ደግ ሰው ነበር ማለት ነው።"

"አዎ አባዬ። በጣም ደግ ነበር።"

አሥራ አንድ ቀን አብሬው ተቀመጥኩ። ባሕር ላይ ልንበላው የነበረውን በሶ እኔና እሱ ደጃፉ ላይ ጨረስነው። ጥርሱን ስለነቀለ በሶ ተስማምቶት ነበር።

ስመለስ ደግሞ ይቺን ስሙልኝ። የጓድ በላቸው ሚስት ቆሎ ልትገዛኝ መጣች። ፀሐይ አጥቁሯታል። "ኧረ እንኳንም አልሄድሽ" አለችኝ፣ ያጽናናችኝ መስሏት። "የምግቡ ዋጋ አይቀመስም። ደግነቱ እኔ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዤ ነበር። ያለዚያ በረሃብ አልቀን ነበር። ለሌሎቹም አካፈልናቸው፣ ሁሉም ባዶ እጁን ነበር የመጣው።" ቆሎዋን ሰፍሬ ሰጠኋት። ማታ ለጌታቸው ቃል በቃል ነገርኩት። እራቱን ሳይበላ ተነስቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አብሬው ኖርኩ። ምግቡን እሠራለሁ፣ ልብሱን አጥባለሁ፣ ሰው ፊት ባልና ሚስት ነን። አንባቢዎቼ፣ ሴቶቹም ወንዶቹም፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቤታችሁ ውስጥ "ሰው ምን ይለኛል" የሚል ሰው ካለ፣ ያ ሰው ስሙን ሲጠብቅ ወጪውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ራሱ ሲከፍል አላየሁም። እኔ ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት የማላፍር ሴት ሆኛለሁ። ሠርግ ላይ ስጦታ ከሌለኝ የለኝም እላለሁ። ሳሪስ ምግብ ቤት ከፍቼ ስሠራም ለማንም ትልቅ ሰው ተብሎ ሂሳብ ትቼ አላውቅም። ባለጌ ናት ይሉኛል። ይበሉ። ትምህርቱን በውድ ነው የገዛሁት። ምን ያህል ውድ እንደሆነ ግን የገባኝ አባቴ የሞተ ዕለት ነው።

አባቴ በሁለተኛው ዓመት በሰኔ ሞተ። በእውነት። መልእክቱን ያመጣው ሙሄ ነው፤ ባዶውን ቅል ይዞልኝ መጣ። ቀኑ እሑድ ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ ቤቱ ነው። እኔ ግን ማልቀስ አልችልም። አባቴ ለአቃቂ ሰው ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ድንኳኑ ተተክሎለታል፣ ሠላሳ አርባ ሰው አልቅሶለታል፣ ጋሽ ሽፋ መርቀውታል። ዛሬ ማን ሞተ ልበል?

በሩን ዘጋሁ። እትዬ ፋጡማ ብቻ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። የጓዳው በር ላይ ጌታቸው ቆሟል፤ አጠገቡ ሬዲዮው በዝቅታ ይጫወታል። ለቅሶው ከሆዴ ሲመጣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁት፤ አልያዝ አለኝ።

"የሺ፣ ሰው ይሰማል" አለ ጌታቸው። መለስ ብሎ ደግሞ፣ "ምን ላድርግልሽ?" አለኝ።

በማግስቱ ልብሴን ይዤ ወጣሁ። ያን ቀን ግን የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ሬዲዮውን ከፍ አድርገው" አልኩት።

የወታደር ማርሽ ይጫወት ነበር። ከፍ አደረገው።